ሉተርና የማያልቀው ኑዛዜ

ወገኖች፣ መጀመሪያ ሮሜ 3፥21-28ን አንብቡ። ከዚያ ስለ ማርቲን ሉተር እናውራ።

በ1505 (እ.ኤ.አ.) መንገድ ላይ ሳለ መብረቅ አጠገቡ ወደቀ፤ በድንጋጤ ለመመንኮስ ተሳለ። ኤርፈርት ገዳም ገብቶ ጾመ፣ ሌሊት ቆሞ ጸለየ፣ ሰውነቱን በብርድ ቀጣ። ከሁሉ የባሰው ግን ኑዛዜው ነው። ለአባ ሽታውፒትስ ለሰዓታት ይናዘዛል፤ ወጥቶ ሳይርቅ የረሳው ኃጢአት ትዝ ይለውና ይመለሳል።

እናንተ ይሄ አይጠፋችሁም። ኢንተርቪው ጨርሶ የወጣ ሰው፣ አንዲት ነገር ሳልናገር ቀርቼ ኬዜ ተበላሸ ይሆን እያለ ሌሊቱን ሲገላበጥ ያድራል። ሉተርም እግዚአብሔርን የሚያየው ጥፋት እንደሚፈልግ ጠያቂ ነበር። የእግዚአብሔር ጽድቅ የሚለው ቃል ራሱ ያስፈራዋል፤ የሚቀጣበት ይመስለዋላ!

ዊተንበርግ መጽሐፍ ቅዱስ ሲያስተምር ሮሜ 1፥17 ላይ ቀን ከሌት ቆየ። ጽድቁ እግዚአብሔር የሚሰጠው ስጦታ መሆኑ በመጨረሻ ገባው። ፍርዱ በክርስቶስ ተፈጽሟል፤ እምነት የሚቀበል ባዶ እጅ ነው። መልካም ሥራ ቀረ ማለት ግን አይደለም (ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል)፤ የጸደቀ ሰው ለጎረቤቱ ይሠራል፣ ለመጽደቅ ብሎ ሳይሆን።

በ1521 የንጉሠ ነገሥቱ አዋጅ ከሕግ ጥበቃ ውጪ አደረገው። ወዳጆቹ ዋርትቡርግ ግንብ ውስጥ በሌላ ስም ደበቁት፤ እዚያው አዲስ ኪዳንን ወደ ጀርመንኛ ተረጎመ።

በ1534 ሚካኤል የሚባል ኢትዮጵያዊ ዲያቆን ዊተንበርግ ድረስ መጣ። ሥርዓታቸው ይለያያል። ሉተር ግን ክርስቲያኖች እንደ ወንድም እንዲቀበሉት የሚጠይቅ ደብዳቤ አስይዞ ሸኘው።