ኤቶሬ ቡጋቲና ገዢ ያጣችው መኪና

ኤቶሬ ቡጋቲ በ1881 ሚላኖ ከተማ ተወለዱ (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው)። አባታቸው ካርሎ የታወቁ የቤት ዕቃ ነዳፊ፣ ወንድማቸው ሬምብራንት ደግሞ የእንስሳት ምስል ቀራጭ ነበሩ። ኤቶሬ ግን ሞተርን መረጡ፤ ሆኖም የቤተሰቡ የጥበብ ዓይን እስከ መጨረሻው አልተለያቸውም። በ1909 በአልዛስ ግዛት ሞልሴም ላይ ፋብሪካ አቋቋሙ። በ1924 ብቅ ያለው ታይፕ 35 የሲሲሊን ታርጋ ፍሎሪዮ ውድድር ከ1925 እስከ 1929 በተከታታይ አሸነፈ።

ስለ ድሉ ይህ ይበቃል። ለእኛ ለሙያው ሰዎች ይበልጥ የሚያነጋግረን ያልተሸጠላቸው ሥራ ነው። ቡጋቲ ለነገሥታትና ለታላላቅ ባለጸጎች የምትሆን፣ አቻ የሌላት መኪና ለመሥራት ቆርጠው ተነሡ፤ ሯያል የተባለችውን ታይፕ 41ንም ነደፉ። ስምንት ሲሊንደሮች በአንድ ረድፍ የተደረደሩበት ሞተሯ 12.7 ሊትር ያህል ሲሆን፣ ከፊት እግሯ እስከ ኋላ እግሯ ያለው ርቀት 4.3 ሜትር ነበር። 25 መኪኖች ሊሠሩ ታቅዶ ሳለ የ1929 የኢኮኖሚ ቀውስ ደረሰ። የተሠሩት ስድስት ብቻ ናቸው፤ ለደንበኛ የተሸጡትም ሦስት። ከገዢዎቹ መካከል አንድም ንጉሥ አልነበረም። ይሁን እንጂ ያ ግዙፍ ሞተር ከንቱ አልቀረም፤ ከ1933 ጀምሮ በፈረንሳይ ሐዲድ ላይ የሮጡትን ኦቶራዮች አንቀሳቀሰ። በእኔ አስተያየት የቡጋቲ መሐንዲስነት ከእሽቅድምድሙ ይልቅ እዚህ ላይ ይታያል።

ከዚያ በኋላ መከራው ተደራረበ። በ1936 ሠራተኞቹ አድማ መቱ፤ ቡጋቲም አዝነው ወደ ፓሪስ ሄዱ። በ1939 ወራሻቸውና የንድፍ ረዳታቸው የነበረው ልጃቸው ዣን መኪና ሲፈትን በ30 ዓመቱ ሞተ። እርሳቸውም በነሐሴ 1947 ፓሪስ ውስጥ ዐረፉ።

የስድስቱ መኪኖች ዕድል ግን ገና አልተጀመረም ነበር። አንዷን የጄኔራል ሞተርስ መሐንዲስ ቻርልስ ቼይን ኒውዮርክ ከሚገኝ የአሮጌ ብረት መጣያ አግኝተው በ400 ዶላር ያህል ገዟት፤ ዛሬ በሄንሪ ፎርድ ቤተ መዘክር ትገኛለች። ኬልነር የተባለው ድርጅት አካሏን የሠራላትን ሌላዋን ቡጋቲ በ1932 ለንደን ኤግዚቢሽን ላይ በ6,500 ፓውንድ ለሽያጭ አቅርበዋት፣ ገዢ አጥታ ከቤተሰቡ እጅ ቀርታ ነበር። ይህችው መኪና በ1987 እዚያው ለንደን፣ በሮያል አልበርት አዳራሽ በተደረገ ሐራጅ በ5.5 ሚሊዮን ፓውንድ ተሸጠች።