ኢቭሊን ዎ፦ በጅቡቲ በኩል ኢትዮጵያ የገባው ደራሲ፣ የሰማቸው ድምፆችና የጆሮ መለከቱ

ጥቅምት 9/1923 ዓ.ም. ጎህ ከመቅደዱ በፊት አንዲት የፈረንሳይ መርከብ ጅቡቲ ወደብ ስትደርስ ተሳፋሪዎቿ ገና ጭፈራቸውን አላቆሙም ነበር። ከመካከላቸው የ26 ዓመቱ እንግሊዛዊ ደራሲ ኢቭሊን ዎ ይገኝበታል። የመጣው ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ጥቅምት 23 ቀን፣ አዲስ አበባ ላይ የሚከበረውን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የንግሥ በዓል ሊዘግብ ነው።

ያኔ ከባሕር ወደ ኢትዮጵያ ለሚመጣ እንግዳ ዋናው በር ጅቡቲ ነበረች። ከከተማዋ ተነስቶ በድሬዳዋ በኩል አዲስ አበባ የሚደርሰው 780 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው ሐዲድ ሥራ ላይ ነበር። የዛሬው የኤሌክትሪክ ባቡር ግን የሚነሳው ከከተማዋ ዳር፣ ከናጋድ ጣቢያ ነው።

ዎን ለዝና ያበቃው ጆሮው ነበር ማለት ይቻላል። የሰዎችን አነጋገር አጥምዶ በወረቀት ላይ ማስፈር ተክኖበታል። በዚያው እአአ 1930 በታተመው ልብ ወለዱ አንዱን ምዕራፍ እንዳለ በስልክ ንግግር ብቻ ጽፎታል። ይህ ስል ጆሮ ኢትዮጵያ ሲደርስ ግን መርጦ የሚሰማ ሆነ። የአውሮፓውያን እንግዶችን ወሬና ሐሜት አንድም ሳይስት ለቀመ። የአገሩ ሰው በመጽሐፎቹ ውስጥ በአመዛኙ መሳቂያ ሆኖ ነው የሚገኘው።

በ1927 ዓ.ም. ክረምት ጣልያን ለወረራ ስትዘጋጅ የዴይሊ ሜይል ዘጋቢ ሆኖ በድጋሚ በጅቡቲ አለፈ። በመርከቡ ላይ ሪኬት ከሚባል እንግሊዛዊ ጋር ተዋወቀ። ሰውየው ከንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ጋር ትልቅ የነዳጅ ውል ሊፈራረም እየሄደ ነበር። ውሉ አዲስ አበባ ላይ ተፈርሞ የዓለም ጋዜጦችን ሲያናውጥ ዎ ሐረርና ጅግጅጋ ሌላ ወሬ ፍለጋ ላይ ስለነበር ትልቁ ዜና አመለጠው። በጦርነቱ ለጣልያን ማድላቱንም አልደበቀም። ኢትዮጵያዊ አንባቢ በቀላሉ የሚያልፍለት ነገር አይደለም።

ከዓመታት በኋላ ዎ እንቅልፍ አጣ። ክሎራልና ብሮማይድ የተባሉ የማስተኛ መድኃኒቶችን በብዛት፣ ከመጠጥ ጋር ይወስድ ጀመር። እአአ በ1954 መጀመሪያ ወደ ሲሎን፣ የአሁኗ ስሪላንካ፣ ብቻውን በመርከብ ሲጓዝ ድምፆች መስማት ጀመረ። ተሳፋሪዎች ሲያሙት፣ ሲሰድቡትና ሲያሴሩበት ይሰማው ነበር። ግብፅ ፖርት ሰኢድ ሲደርስ ከመርከቡ ወርዶ ጉዞውን በአውሮፕላን ቀጠለ፤ ድምፆቹ ግን ተከተሉት። እንግሊዝ ሲመለስ የመረመረው የአእምሮ ሐኪም መንስኤው የመድኃኒት መመረዝ መሆኑን ጠረጠረ። መድኃኒቱ ሲለወጥ ድምፆቹ ጠፉ።

ይህ ሐኪሞች የጆሮ ጩኸት ከሚሉት ሕመም መለየት አለበት። የጆሮ ጩኸት ቃላት የሉትም፤ ከውጭ ምንም ሳይኖር የሚሰማ ፉጨት ወይም እዝዝታ ነው። ብዙውን ጊዜ ከመስማት መቀነስ ጋር ይመጣል። የውስጠኛው ጆሮ ጥቃቅን ሕዋሳት ሲጎዱ ወደ አንጎል የሚሄደው መልእክት ይቀንሳል። ብዙ ተመራማሪዎች እንደሚያስረዱት አንጎል ይህን ጉድለት ለማካካስ የራሱን ስሜታዊነት ከፍ ያደርጋል፤ ባዶው ቦታም በጩኸት ይሞላል። የመስሚያ መሣሪያ የውጩን ድምፅ ሲመልስ ጩኸቱ ለብዙዎች ይደበዝዛል፤ ለመስማት ከመታገል የሚመጣው ድካምም ይቀላል። ለሁሉም ግን አይሠራም፤ ሌሊት መሣሪያው ሲወልቅ ጩኸቱ የሚመለስባቸውም አሉ። የጥናቶቹ ውጤትም ገና አንድ ወጥ አይደለም።

ዎ በሃምሳዎቹ ዕድሜው ጆሮው እየደከመ መጣ። በዚያን ጊዜ የብሪታኒያ የጤና አገልግሎት ከእአአ 1948 ጀምሮ የመስሚያ መሣሪያ በነፃ ይሰጥ ነበር፤ በትራንዚስተር የሚሠሩ ትንንሾቹም ከ1952 መጨረሻ አንስቶ ገበያ ላይ ወጥተዋል። እርሱ ግን ያለፈው ክፍለ ዘመን ሰዎች ይይዙት የነበረውን ግዙፍ የጆሮ መለከት መረጠ። መለከቱ ኤሌክትሪክ የለውም፤ በሰፊው አፉ ድምፅ ሰብስቦ በጠባቡ ጫፍ ወደ ጆሮ ያደርሳል። አዲሱን ዘመን መጥላቱን ማሳያም ነበር። ደግሞም ከተናጋሪው አፍ ሊያዞሩት ይቻላል።

ይህንንም አደረገው። እአአ በ1957 የመርከቡን መከራ መሠረት ያደረገው ልብ ወለዱ ሲወጣ በክብሩ በተዘጋጀ የምሳ ግብዣ ላይ የማይወደው ጋዜጠኛ ማልኮም ማገሪጅ ንግግር ጀመረ። ዎ መለከቱን ከጆሮው አወረደ። ወዳጁ አን ፍሌሚንግ ደግሞ በአንድ ግብዣ ላይ በዚሁ ነገር ተማርራ መለከቱን በማንኪያ መታችው፤ ድምፁ ጆሮው ውስጥ እንደ ጥይት ጮኸበት ይባላል።

ቀልዱ ለእርሱ የሚያምርበት ስለ ሀብቱና ስለ ስሙ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እአአ በ2021 እንዳወጣው በዓለም ላይ 430 ሚሊዮን ሰዎች ሕክምና ወይም ድጋፍ የሚሻ የመስማት ችግር አለባቸው። ከእነዚህ ውስጥ 80 ከመቶ የሚጠጉት እንደ ጅቡቲና ኢትዮጵያ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ይኖራሉ። ለእነርሱ ጥያቄው መሣሪያውን ማግኘት ነው።

እአአ በ1960 ዎ በቢቢሲ ቴሌቪዥን ቀርቦ በመርከቡ ላይ ስለሰማቸው ድምፆች ተጠየቀ። በእርሱ ላይ የደረሰ መሆኑን ሳይሸሽግ መለሰ። ያኔም እንቅልፍ እምብዛም አልነበረውም፤ ጥርሶቹን ካስነቀለ በኋላ ምግብም ዘጋው። እአአ ሚያዝያ 10/1966፣ በፋሲካ ዕለት፣ በላቲን ቋንቋ የተቀደሰ ቅዳሴ አስቀድሶ ሱመርሴት ወደሚገኘው ቤቱ ተመለሰና በዚያው ሞተ። ዕድሜው 62 ነበር።