ንጉሠ ነገሥቱ በቡሬ መንገድ፣ በሲኒማና በኮምፒዩተር ጨዋታ

ከቡሬ ወደ ደንበጫ በሚወስደው አውራ ጎዳና የሚጓዝ መንገደኛ ማንኩሳን አልፎ ጥቂት እንደ ሄደ ፍኖተ ሰላም ይደርሳል። ከተማይቱ ቀድሞ ወጀት ትባል ነበር። የሰላም መንገድ ማለት የሆነውን የዛሬውን ስሟን ያወጡላት፣ በ1933 ዓ.ም. ከስደት ሲመለሱ በዚሁ አገር ያለፉት ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። እኚሁ ንጉሥ ከ71 ዓመት በኋላ፣ በ2004 ዓ.ም.፣ አሜሪካ ውስጥ በተሠራውና ሲቪላይዜሽን በሚባለው የኮምፒዩተር ጨዋታ የኢትዮጵያ መሪ ሆነው ቀረቡ። የየትም አገር ወጣት ጨዋታውን ሲከፍት በስክሪኑ ላይ ያገኛቸዋል፤ የሚናገሩትም በአማርኛ ነው።

የሕይወታቸው ታሪክ በብዙ መጻሕፍት ተጽፏል። እኛ ዛሬ ለማውጋት ያሰብነው ግን ከዚያ ሁሉ አንዱን ወገን ነው፤ ይኸውም በመጀመሪያ የሲኒማ ካሜራ፣ ኋላም ኮምፒዩተር ከሕይወታቸው ምን እንደ ወሰዱ፣ ምንስ እንደ ተዉ ነው። የተዉት ነገር በአብዛኛው በምዕራብ ጎጃም ገጠር ውስጥ ስለሚገኝ፣ አንባቢያችንን ወደዚያው ይዘን መሄዳችን አይቀርም።

ተፈሪ መኰንን ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. በሐረርጌ በኤጀርሳ ጎሮ ተወለዱ። አባታቸው ራስ መኰንን የዐድዋ የጦር አለቃ ነበሩ። ልጁ ገና በሕፃንነታቸው ፈረንሳይኛ ተማሩ፤ ገና ጢም ሳያወጡም የአገር ግዛት ተሰጣቸው። በ1909 ዓ.ም. አልጋ ወራሽና እንደራሴ ሆኑ። በ1916 ዓ.ም. ኢትዮጵያን የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል አስደረጉ፤ በዚያው ዓመትም የጎጃሙን ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖትን ጨምረው መሳፍንቱን አስከትለው አውሮፓን ጎበኙ። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውድ ሲደፉ የውጭ አገር ጋዜጠኞችና የፊልም አንሺዎች አዲስ አበባ ተገኝተው ነበር። የበዓሉ ሥዕል በባሕር ማዶ ሲኒማ ቤቶችና መጽሔቶች ታየ፤ እስከ ጃማይካ ድረስ ዝናቸው የተሰማውም ከዚህ በዓል ወዲህ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ የሥዕልን ኃይል ከዘመናቸው ነገሥታት ቀድመው የተረዱ ይመስለናል።

ጣልያን በ1928 ዓ.ም. አገራችንን ወረረ። ማይጨው ላይ ጦሩ ከተፈታ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን ከአዲስ አበባ ወጡ፤ ሰኔ 23 ቀን ደግሞ ጄኔቫ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆሙ። የጣልያን ጋዜጠኞች በፉጨት ሊያውኳቸው ሞከሩ፤ ከአዳራሹም ተባረሩ። ንጉሡ ጸጥታው እስኪመለስ በትዕግሥት ቆይተው በአማርኛ ተናገሩ። ካሜራውም ይህን ያዘ። አጭር ቁመና ያላቸው፣ ጥቁር ካባ የለበሱ፣ ብቻቸውን የቆሙ ሰው የሚታዩበት ያ ሥዕል ዛሬም ድረስ ስለ ዘመኑ በሚሠራ ፊልም ሁሉ ውስጥ ይገባል። ማኅበሩ ግን ከማዘን በቀር ያደረገው የለም። ከዚያ በኋላ በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ የብርድና የችግር ዓመታት አሳለፉ።

በእነዚሁ ዓመታት ጎጃም ምን ይመስል ነበር? ጣልያን በቡሬ፣ በዳንግላ፣ በእንጅባራና በደብረ ማርቆስ ምሽግ ሠርቶ ባንዲራውን ሰቅሏል። ካርታ ለሚያይ ሰው አገሩ የጣልያን ነው። ከምሽጉ ጥቂት ራቅ ብሎ ያለው ገጠር ግን አልተገዛም ነበር። በላይ ዘለቀ በቢቸና፣ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ፣ ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህና ልጅ ኃይሉ በለውም እንደዚሁ በየበኩላቸው ሰው አስከትለው ይዋጉ ነበር። ባላገሩ ለአርበኛው እህሉን ያካፍላል፤ የጠላትን መንገድ አይቶ ወሬ ያደርሳል፤ ሲመቸውም ጠመንጃውን ይዞ ይከተላል። ጣልያኖች እነዚህን ሰዎች ሽፍታ ይሏቸው ነበር። አርበኞቹ እርስ በርሳቸው ሁልጊዜ አይስማሙም ነበር፤ ይህንን መሸፋፈን አያስፈልግም። በ1932 ዓ.ም. መጨረሻ ከሱዳን የገባው እንግሊዛዊው ኮሎኔል ሳንድፎርድ ከመጀመሪያዎቹ ሥራዎቹ አንዱ መንገሻንና ነጋሽን ማስታረቅ ሆነ።

ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ኦሜድላ ላይ ድንበር ተሻግረው ሰንደቅ ዓላማቸውን ሰቀሉ። ከዚያ ጉዞው በበረሃ ወደ በላያ ተራራ ነበር። ዕቃው የተጫነው ከሱዳን በመጡ ወደ 15 ሺህ በሚጠጉ ግመሎች ሲሆን፣ እንስሳቱ ድንጋዩንና የደጋውን ብርድ ስላልቻሉ ከጥቂቶች በቀር ሁሉም አለቁ። በግመል ሬሳ ሽታ ብቻ መንገዱን ማግኘት ይቻል ነበር ሲባል እንሰማለን። ጌድዮን የተባለው ይህ ጦር በኮሎኔል ዊንጌት የሚመራ ነበር። በውስጡ የሱዳን ወታደሮችና ከኬንያ የስደተኛ ሰፈር የተውጣጡ ኢትዮጵያውያን ነበሩ፤ ሁሉም ተደምረው ከ2 ሺህ ብዙ አይበልጡም። ቡሬ ላይ የሚጠብቃቸው በኮሎኔል ናታሌ የሚታዘዘው የጣልያን ጦር ግን ብዙ እጥፍ ነበር፤ መድፍም ነበረው።

ዊንጌት ጦሩን በትንንሽ ክፍል እየከፈለ በሌሊት ከየአቅጣጫው አስተኮሰ። ማንኩሳ ያለው ምሽግም ተመታ። በጋዜጠኛው በጆርጅ ስቲር የሚመራው የፕሮፓጋንዳ ክፍል በአማርኛ የታተመ ወረቀት በተነ፣ በድምፅ ማጉያም ለባንዳው ጥሪ አስተላለፈ፤ ከጣልያን ጋር የነበረው ባንዳም እየከዳ ይወጣ ጀመር። ናታሌ የከበበውን ጦር ብዛት ሊያውቅ አልቻለም። ከገጠሩ የሚመጣለት እውነተኛ ወሬ አልነበረምና ከምሽጉ ሆኖ የሚያየው ጨለማውን ብቻ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1933 ዓ.ም. ቡሬን ለቆ በማንኩሳ በኩል፣ ዛሬ ፍኖተ ሰላም ባለችበት አገር አልፎ ወደ ደንበጫ ሸሸ። ደንበጫ አጠገብ አንድ የኢትዮጵያውያን ሻለቃ መንገዱን ዘግቶ ጠበቀውና ብርቱ ውጊያ ሆነ፤ ሻለቃውም ብዙ ሰው አጣ። በመጋቢት ንጉሠ ነገሥቱ ቡሬ ነበሩ። መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ ገቡ፤ ለጣልያን አድረው የነበሩት ያ የአውሮፓ ጉዞ ጓዳቸው ራስ ኃይሉም መጥተው እጅ ነሡ። ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ደረሱ።

አሁን ወደ ኮምፒዩተሩ እንመለስ። ሲቪላይዜሽንን በ1991 እ.ኤ.አ. በመጀመሪያ የሠራው አሜሪካዊው ሲድ ማየር ነው። ተጫዋቹ እንደ ገበጣ ተራውን እየጠበቀ ከተማ ይቆረቁራል፣ ሰፈሩን ያለማል፣ ጦር ያሰልፋል። ኢትዮጵያ የገባችው በአምስተኛው እትም ላይ በ2004 ዓ.ም. በታከለው ክፍል ነው። የጨዋታ ነዳፊ እንደ ታሪክ ጸሐፊ ገጽ አይሞላም፤ እንደ ፊልም ሠሪም ሥዕል አይቀጥልም። የእርሱ ብዕር ሕግ ነው። ስለ ኢትዮጵያ የደነገገው ሕግ የዐድዋ መንፈስ ይባላል፤ የኢትዮጵያ ወታደር ከእርሷ የበለጠ ብዙ ከተማ ያለው ጠላት ሲገጥመው 20 በመቶ ተጨማሪ ኃይል ያገኛል። መሃል ሰፋሪ የተባለውም ወታደር ወደ ዋና ከተማው በቀረበ መጠን ይበረታል። የቃሉን ትክክለኛ ትርጉም የሚያውቅ ሰው እንደ መከራቸው ግልጽ ነው፤ ይህንንም ሳናመሰግን አናልፍም።

ሕጉ ለዐድዋ ተሰየመ እንጂ ጥቂቱ ብዙውን ማሸነፉ በቡሬም የታየ ነገር ነው። ነገር ግን ልብ እንበል። ጨዋታው የሚቆጥረው ከተማ ነው። በ1933 ዓ.ም. መጀመሪያ ንጉሠ ነገሥቱ በእጃቸው አንድም ከተማ አልነበራቸውም፤ በጨዋታው ሕግ ከተማ የሌለው መሪ ደግሞ ተሸንፏል፣ ከጨዋታው ይወጣል። ከዚህ የባሰም አለ። በሲቪላይዜሽን በከተማና በከተማ መካከል ያለው ባለቤት የሌለው አገር የአረመኔዎች ሰፈር የሚበቅልበት ነው፤ መሪው ሁሉ እየወጣ ያጠፋቸዋል። ለጣልያን ሽፍታ የነበረው የዳሞት ባላገር ለኮምፒዩተሩ ስሙ ይህ ሊሆን ነው። ነዳፊዎቹ ክፋት አስበው አይመስለንም፤ የጨዋታው ሠሌዳ ሲዘረጋ ገጠር ታሪክ እንዳለው ሳይታሰብ ቀርቶ ነው እንጂ።

እውነቱን ለመናገር ግን ይህን የረሱት የኮምፒዩተር ባለሙያዎች ብቻ አይደሉም። ከድል በኋላ በላይ ዘለቀ በ1937 ዓ.ም. በስቅላት ተቀጣ። ነጋሽ በዛብህም ቢትወደድ ከሆኑ በኋላ በ1943 ዓ.ም. በሤራ ተከሰው ታሰሩ። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ የጎጃም ገበሬ ርስቱ የሚነካበት መሰለው። ከሞጣና ከቢቸና እስከ ዳሞት ተነሥቶ ቀላጮችን አላስገባም አለ። መንግሥት ጦር ላከ፤ አውሮፕላንም መንደር ደበደበ። በመጨረሻ አገረ ገዥው ተነሡ፤ ውዝፉም ግብር ተማረ። ከነጻነቱ ዘመቻ እስከዚህ 27 ዓመት ነው፤ በ1933 እህሉን ለአርበኛው ያካፈለ ሰው በ1960 ገና በሕይወት ነበር።

ሲኒማ ያገነናቸውን ንጉሥ የጣላቸውም ከፊል ሲኒማ ነው። በወሎ ረሃብ ጊዜ የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያልታወቀው ረሃብ የሚል ፊልም ሠርቶ ነበር። ደርግ ይህን ፊልም ከቤተ መንግሥቱ ግብዣ ሥዕሎች ጋር አቀጣጥሎ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየው። ንጉሡ በማግስቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። ነሐሴ 21 ቀን 1967 ዓ.ም. በእስር ላይ ሳሉ ሕይወታቸው ጠፋ፤ ዐፅማቸው በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በክብር ያረፈው በ1993 ዓ.ም. ነው። የረሃቡ ፊልም እውነት ነበር፤ የግብዣውም ሥዕል እውነት ነበር። ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠው መቀስ ግን ሦስተኛ ነገር ተናገረ። ሲኒማ የሚማር ተማሪ ይህን ማታ ደጋግሞ ቢያጠናው ይጠቀማል እንላለን።

በ2012 ዓ.ም. የሲቪላይዜሽን ስድስተኛው እትም ኢትዮጵያን ሲያመጣ መሪው ዳግማዊ ምኒልክ ሆኑ፤ ሕጉም ተለወጠ። ኮረብታ ላይ የተቆረቆረ ከተማ ይጠቀማል፣ ኮረብታ ላይ የቆመ ወታደርም ይበረታል። መሬቱ መቆጠር ጀመረ ማለት ነው። አዲስ አበባም ቢሆን የራሳቸውን ጨዋታ የሚሠሩ ወጣቶች ተነሥተዋል፤ ቅኔ ጌምስ የተባለው ድርጅት ለበዓል ከመታረድ የምታመልጥ ዶሮን ኩኩሉ ብሎ ጨዋታ አድርጓታል።

ከመካከላቸው አንዱ ከኦሜድላ እስከ ቡሬ የተደረገውን ጉዞ ለመንደፍ ቢነሣ ሕጉን ከየት ይጀምራል? እኛ ብንሆን ከተማውን ትተን ጎተራውን እንቆጥር ነበር። ምሽግ ውስጥ ያለው ተጫዋች መድፍና ብዙ ወታደር ይኑረው፤ ግን ከግንቡ ውጭ ያለውን አይይ። ውጭ ያለው ደግሞ ሁሉን ይይ፣ ወሬው ከገበያ ወደ ገበያ በእግረኛ ይድረሰው፣ ተኳርፈው ያሉ ሁለት አርበኞችን ሳያስታርቅ ግን ወደ ፊት መራመድ አይቻለው። በላያን አልፎ ደጋ ሲወጣም ግመሎቹ በየተራው ይቀንሱበት።