ዊስለር በቬኒስ

የኢጣሊያን ካርታ አውጥታችሁ ብትመለከቱ፣ በሰሜን ምሥራቅ በኩል፣ በአድሪያቲክ ባሕር ዳር፣ ቬኒስ የምትባል ከተማ ታገኛላችሁ። ቬኒስ ከመቶ በሚበልጡ ትናንሽ ደሴቶች ላይ የተሠራች ከተማ ናት። ሰዎች የሚጓጓዙት በውኃ ቦዮቿ ላይ በጀልባ፣ በጠባብ መንገዶቿና በድልድዮቿም ላይ በእግር ነው። ከጥንት ጀምሮ ወደዚህች ከተማ የሚሄድ እንግዳ ሁሉ የሚጎበኘው የታወቁትን ቦታዎች ነው፤ የቅዱስ ማርቆስን ቤተ ክርስቲያን፣ የመሳፍንቱን ቤተ መንግሥትና የሪያልቶን ድልድይ አይቶ ይመለሳል።

ከዚህ በታች ታሪኩ የሚተረክላችሁ አሜሪካዊ ሠዓሊም ወደዚህችው ከተማ ሄዶ ነበር። የተዋዋለው ሥራውን በሦስት ወር ያህል ፈጽሞ ሊመለስ ነው፤ የቈየው ግን ዐሥራ አራት ወር ነው። ስለ ምን ይህን ያህል ቈየ? ምንባቡን ይህን ጥያቄ በልባችሁ ይዛችሁ ተከታተሉ። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውንም አትዘንጉ።

ጄምስ ማክኒል ዊስለር በ1834 በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ፣ ሎዌል በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ የባቡር ሐዲድ መሐንዲስ ነበር። የሩሲያ መንግሥት ከሴንት ፒተርስበርግ እስከ ሞስኮ ለሚዘረጋው ሐዲድ ሥራ ስለ ጠራው ቤተሰቡን ወደዚያ ወሰደ፤ ልጁም በሩሲያ ሳለ ሥዕል መማር ጀመረ። በ1849 አባቱ ስለ ሞተ ቤተሰቡ ወደ አሜሪካ ተመለሰ። ከሁለት ዓመት በኋላ ዊስለር ዌስት ፖይንት ወደሚባለው የጦር ትምህርት ቤት ገባ፤ ሆኖም በሥዕል ትምህርት የላቀ ቢሆንም ኬሚስትሪ አልሆነለትምና በ1854 ተሰናበተ። ከዚያም የባሕር ጠረፍ ካርታ በሚያነሣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ለጥቂት ወራት ተቀጠረ፤ በመዳብ ሰሌዳ ላይ ሥዕል መቅረጽንም የተማረው እዚያ ነው። በ1855 ወደ ፓሪስ ተሻገረ፤ ኋላም ኑሮውን በሎንዶን አደረገ። የትውልድ አገሩን ግን ዳግመኛ አላያትም።

በሎንዶን ሳለ የሌሊትን ገጽታ መሣል እጅግ ይወድ ነበር። የጀልባ ሠሪ ልጆች የሆኑ ሁለት ወንድማማቾች በቴምስ ወንዝ ላይ ሌሊት እየቀዘፉ ያዞሩት ነበር። በጨለማ ውስጥ ሸራ ዘርግቶ ለመሣል ስለማይቻል፣ የሚያየውን ሁሉ በአእምሮው መያዝን ተለማመደ። ቦታውን ትኵር ብሎ ከተመለከተ በኋላ ጀርባውን ይሰጠውና ያየውን አንድ በአንድ በቃሉ ይዘረዝራል፤ አብሮት ያለው ሰውም የተሳሳተውን ያርመዋል። ሥዕሉን የሚሥለው በማግሥቱ በቤቱ ነበር።

ከእነዚህ የሌሊት ሥዕሎች አንዱ፣ በሰማይ ላይ የሚበተን ርችትን የሚያሳየው፣ በ1877 ለሕዝብ ቀረበ። በዘመኑ እጅግ የተከበረው ሐያሲ ጆን ራስኪን ሥዕሉን ክፉኛ ነቀፈው፤ ሠዓሊውንም ቀለም በሕዝብ ፊት ላይ ደፍቶ ዋጋ የሚጠይቅ አድርጎ ጻፈበት። ዊስለር ስሜ ጠፋ ብሎ ከሰሰ። በ1878 ፍርድ ቤቱ ለእርሱ ፈረደለት፤ ነገር ግን የተወሰነለት ካሣ አንድ ፋርዚንግ፣ ማለት የአንድ ፔኒ ሩብ ብቻ ነበር። የጠበቃውንም ወጪ ራሱ እንዲከፍል ሆነ። ቀድሞውንም ባለዕዳ ነበርና በሚቀጥለው ዓመት መክሰሩ ታወጀ፤ አዲስ ያሠራው ቤቱም ተሸጠ። እንግዲህ በአርባ አምስት ዓመቱ ቤትም ገንዘብም አልነበረውም፤ ስሙም የመሳለቂያ ርእስ ሆኖ ነበር።

በዚህ ጊዜ ፋይን አርት ሶሳይቲ የተባለው የሎንዶን የሥዕል ንግድ ድርጅት አንድ ሥራ ሰጠው። ሥራው ወደ ቬኒስ ሄዶ ዐሥራ ሁለት የመዳብ ቅርጽ ሥዕሎች ሠርቶ በዓመቱ መጨረሻ እንዲመለስ ነበር። ይህ ዐይነቱ ሥዕል የሚሠራው እንዲህ ነው። የመዳቡ ሰሌዳ በስስ ሰም ይሸፈናል። ሠዓሊው ሰሙን በመርፌ እየጫረ ይሥላል። ሰሌዳው በአሲድ ውስጥ ሲነከር አሲዱ የተጫረውን መሥመር ብቻ ይበላዋል። ከዚያም ሰሌዳው ቀለም ይቀባና በማተሚያ መሣሪያ በወረቀት ላይ ይታተማል።

ዊስለር በሴፕቴምበር 1879 ቬኒስ ደረሰ። የዚያ ዓመት ክረምት እጅግ የበረታ ነበር። በረዶ ወርዶ ከተማይቱን ሸፈናት፤ በውጭ ቆሞ የቀዘቀዘ መዳብና መርፌ መያዝ ለጣቶቹ ሥቃይ ሆነ። የሦስቱ ወር ጊዜ አለፈ፤ የሎንዶኑ ድርጅትም ሥዕሎቹ የት ደረሱ ብሎ ይጠይቅ ጀመር። የተቸገረ ሰው የታወቁትን ሕንፃዎች በችኮላ ሥሎ ገንዘቡን መቀበል ይችል ነበር። ገዢዎችም የሚፈልጉት እነዚያኑ ሕንፃዎች ነበር። ዊስለር ግን ሌሎች አንድ ሺህ ጊዜ የሣሉትን መድገም አልፈለገም።

ስለዚህ በየጓሮውና በየጠባቡ ቦይ መዞር ጀመረ። በአንድ ጨለማ መተላለፊያ ሥር የቆሙ ለማኞችን፣ በደጃቸው ተቀምጠው ዶቃ የሚሰኩ ሴቶችን ሣለ። ከሥዕሎቹ አንዱ የአንድ አሮጌ ቤተ መንግሥት በር ነው። የመሳፍንት ደጅ የነበረው ያ በር በዊስለር ዘመን የወንበር መጠገኛ ሆኖ ነበር፤ ወንበሮች ከጣሪያው ተንጠልጥለው ይታያሉ፤ አንዲት ልጃገረድም ከውኃው ዳር ደረጃው ላይ ናት። ልብ በሉ፤ የከተማይቱ ያለፈ ክብርና የዕለት ኑሮዋ በዚህ በአንድ በር ውስጥ አብረው ይታያሉ።

ማታ ማታ ዊስለር በቅዱስ ማርቆስ አደባባይ ከ1720 ጀምሮ ወደ ቈየው ወደ ፍሎሪያን ቡና ቤት ይሄድ ነበር። ተጫዋችና አንደበተ ርቱዕ ስለ ነበር ወጣት ሠዓሊዎች ይከቡት ነበር። ይሁን እንጂ የምሽቱ ጊዜ ለእርሱ መዝናኛ ብቻ አልነበረም። በቴምስ ላይ የጀመረውን ልማድ በቬኒስም ቀጠለ። ጎንዶላ በሚባለው ቀጭን ጀልባ ወደ ጨለማው ውኃ እየወጣ፣ የመብራት ነጸብራቅ በቦዩ ላይ ሲንቀጠቀጥ ይመለከት ነበር። የሌሊቱንም ጨለማ በኅትመት ለማሳየት ከመዳቡ ላይ ቀለሙን ሁሉ ጠርጎ አላጠፋም፤ ጥቂቱን እንደ ስስ መጋረጃ ተወው። ከዚህ የተነሣ ከአንድ ሰሌዳ የታተሙት ወረቀቶች አንዱ ማምሻን፣ ሌላው ድቅድቅ ሌሊትን ይመስላሉ። የታወቀውን የቅዱስ ማርቆስን ቤተ ክርስቲያን እንኳ በሣለ ጊዜ በሌሊት ሣለው፤ ለጥገና የቆመውንም የእንጨት ርብራብ አልደበቀም።

በ1880 በጋ ፍራንክ ዱቬኔክ የተባለ አሜሪካዊ ሠዓሊ ከተማሪዎቹ ጋር በቬኒስ ተቀመጠ። ዊስለርም እነርሱ ወደሚኖሩበት ቤት ገባ። ከተማሪዎቹ አንዱ ኦቶ ባከር የማተሚያ መሣሪያ ነበረውና ብዙዎቹን ሰሌዳዎች በእርሱ መሣሪያ አተመ።

በኖቬምበር 1880 ወደ ሎንዶን ሲመለስ ይዞት የሄደው ዐሥራ ሁለት ሥዕል ብቻ አልነበረም። ሃምሳ ያህል የመዳብ ቅርጾችና ፓስቴል በሚባለው ባለቀለም ጠመኔ የተሠሩ መቶ ያህል ሥዕሎች ነበሩት። የመጀመሪያዎቹ ዐሥራ ሁለቱ በዲሴምበር ሲታዩ ሐያስያኑ ያላለቁ ናቸው ብለው ናቋቸው። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ግን የፓስቴሎቹ ትርኢት ብዙ ገዢ አገኘ። በ1883 ደግሞ ሃምሳ አንድ ቅርጾችን በነጭና በቢጫ ባጌጠ አዳራሽ አቀረበ፤ የሐያስያኑንም ነቀፋ እየለቀመ በትርኢቱ መዝገብ ላይ ከየሥዕሉ ሥር አሳተመው። ተመልካቹ ሥዕሉንና ነቀፋውን ጎን ለጎን አይቶ ራሱ እንዲፈርድ ተወለት።

ዊስለር በ1903 በሎንዶን ሞተ። ያላለቁ የተባሉት የቬኒስ ሥዕሎች ዛሬ በአሜሪካና በአውሮፓ ታላላቅ ቤተ መዘክሮች ይጠበቃሉ።

አሁን ወደ መነሻው ጥያቄ ተመለሱ። ዊስለር በቬኒስ የቈየው ሥራ ጠልቶ ወይም በምሽት ጨዋታ ተታልሎ አልነበረም። ለማየት ጊዜ ስለሚያስፈልግ ነው እንጂ። እናንተም ስለምታውቁት ቦታ ድርሰት ለመጻፍ ስትነሡ፣ ሁሉ ሰው የሚጠራውን ሕንፃ ብቻ ቈጥራችሁ አትቁሙ። በየቀኑ የምታልፉበትን አንድ በር ትኵር ብላችሁ ተመልከቱት፤ ከዚያም ጀርባችሁን ሰጥታችሁ ያያችሁትን በቃላችሁ ዘርዝሩ። ምን ያህሉን በእርግጥ እንዳያችሁት ያን ጊዜ ታውቃላችሁ።