ኪኒየር ዊልሰን፦ ጉበትንና አንጎልን ያገናኘ ጥናት

የዊልሰን በሽታ ሰውነት ትርፍ መዳብን ማስወገድ ሲሳነው የሚከሰት፣ በዘር የሚተላለፍ ሕመም ነው። በሽታው በስማቸው የተጠራው ሐኪም ሳሙኤል አሌክሳንደር ኪኒየር ዊልሰን ግን ጥናታቸውን ያካሄዱት የመዳብ ሚና ከመታወቁ በፊት ነበር።

ዊልሰን እ.ኤ.አ. በ1878 በአሜሪካ ኒው ጀርሲ ግዛት ተወለዱ። አባታቸው ገና በሕፃንነታቸው ስለሞቱ ቤተሰቡ ወደ ኤድንብራ ተዛወረ። በዚያው ከተማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና አጥንተው በ1902 ተመረቁ፤ ቀጥሎም በፓሪስ ከፒየር ማሪና ከዦዜፍ ባቢንስኪ ዘንድ ተማሩ። በ1904 በለንደን ኩዊን ስኩዌር የሚገኘውን ብሔራዊ የነርቭ ሆስፒታል ተቀላቀሉ።

በሆስፒታሉ ትኩረታቸውን የሳበው በወጣቶች ላይ የሚታይና አንዳንዴም ወንድምና እኅትን የሚያጠቃ ሕመም ነበር። ሕሙማኑ ይንቀጠቀጣሉ፤ ጡንቻቸው ይገተራል፤ መናገርና መዋጥ እያዳገታቸው ሄዶ በመጨረሻ ይሞታሉ። አስከሬናቸው ሲመረመር በአንጎል ውስጥ ምስር መሰሉ ክፍል ተበላሽቶ፣ ጉበታቸውም ጠባሳ ለብሶና ጠጥሮ ተገኘ፤ በሕይወት ሳሉ ግን የጉበት ሕመም ምልክት እምብዛም አላሳዩም። ዊልሰን ራሳቸው የተከታተሏቸውን አራት ሕሙማን ቀደም ሲል ከተመዘገቡት ጋር አነጻጽረው ያዘጋጁት የዶክትሬት ጽሑፍ በ1911 የኤድንብራ ዩኒቨርሲቲን የወርቅ ሜዳልያ አስገኘላቸው። ጥናቱ በ1912 «ብሬን» በተባለው መጽሔት ታተመ።

ዊልሰን የደረሱበት መደምደሚያ ከፊሉ ጸንቷል፤ ከፊሉ ተሽሯል። አንጎልን የሚጎዳው ከጉበት መታወክ ጋር የተያያዘ መርዝ ሳይሆን አይቀርም የሚለው ግምታቸው ወደ እውነቱ የቀረበ ነበር። በሽታው በቤተሰብ ውስጥ ቢደጋገምም በዘር አይተላለፍም ማለታቸው ግን ስሕተት ሆነ። ካይዘርና ፍላይሸር በ1902 እና በ1903 የገለጹት፣ ዛሬ የበሽታው ዋና መለያ የሆነው የዓይን ቀለበትም በጥናታቸው አልተካተተም።

ዊልሰን በ1937 በካንሰር ሞቱ። በ1948 ከሚንግስ እዚያው ኩዊን ስኩዌር በሕሙማኑ ጉበትና አንጎል ውስጥ ከልክ ያለፈ መዳብ መኖሩን አሳየ፤ በ1956 ዎልሽ መዳብን በሽንት የሚያስወጣውን ፔኒሲላሚን አስተዋወቀ። ገዳይ የነበረው ሕመም በጊዜ ከተደረሰበት የሚታከም ሆነ። በ1993 ደግሞ መዳብን ወደ ሐሞት የሚያስወጣው የኤቲፒ7ቢ ጂን ተለየ፤ በሽታው የሚይዘውም ከሁለቱም ወላጆች የተበላሸ ቅጂ የወረሰውን ሰው መሆኑ ታወቀ።

ዛሬ ተመራማሪዎች መዳብ ሲነካቸው ብርሃናቸው የሚጨምር ወይም የሚደበዝዝ ፍሎረሰንት ቀለሞችን እየሠሩ፣ ብረቱ በሕያው ሕዋስ ውስጥ የሚከማችበትን ስፍራ ይከታተላሉ። ቀለሙ መዳቡ የት እንዳለ ያሳያል። ጉበትና አንጎልን በአንድ ሕመም አያይዞ መመርመር እንደሚገባ ያመለከተው ግን ሕሙማንን ከአልጋ እስከ አስከሬን ምርመራ የተከታተለው የዊልሰን ጥናት ነው።