አንቶኒ ጋውዲ፦ ፍጥረትን መምህሩ ያደረገ ሐናፂ

በዚህ ዕትም ሕይወቱን ባጭሩ የምንተርክላችሁ ሰው ካህንም መነኩሴም አልነበረም። በእጁ ሙያ እግዚአብሔርን ያገለገለ ምእመን ነበር። ዘመናቱን የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

አንቶኒ ጋውዲ በስፔን፣ በካታሎኒያ ምድር፣ በሬውስ ከተማ አካባቢ ጁን 25 ቀን 1852 ተወለደ። አባቱ የመዳብ ሠራተኛ ነበሩ። ዝርግ መዳብ በመዶሻ እየተቀጠቀጠ ጎድጓዳ ዕቃ ሲሆን እያየ በማደጉ፣ ቅርጽን በወረቀት ላይ ብቻ ሳይሆን በእጅ እንደሚዳሰስ አድርጎ ማሰብን ከልጅነቱ ተማረ። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ግን የቁርጥማት ሕመም ያሠቃየው ነበር። እኩዮቹ ሲሯሯጡ እርሱ በሪውዶምስ በነበረው የቤተሰቡ የገጠር ቤት ተቀምጦ ዛፉን፣ ቀንድ አውጣውን፣ ነፍሳቱን ይመለከት ነበር። ሕመሙ ከጨዋታ ቢያስቀረውም ዓይኑን ለፍጥረት ከፈተለት።

በባርሴሎና የሥነ ሕንፃ ትምህርቱን በ1878 ፈጸመ። ከሁለት ዓመት በፊት በ1876 እናቱንና ወንድሙን በሞት አጥቶ ነበር። በ1883 ገና በ31 ዓመቱ፣ መሠረቱ ባለፈው ዓመት የተጣለው የቅድስት ቤተሰብ ቤተ ክርስቲያን ሥራ በአደራ ተሰጠው። በዚያን ጊዜ ባማረ ልብስ የሚታይ፣ ለባለጸጎችም ቤት የሚሠራ ወጣት ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ከብዙ ሥራዎቹ አንዱ እንጂ ብቸኛ ሥራው አልነበረም።

የጥበቡ ምንጭ ፍጥረት ነበር። ሰንሰለት ሁለቱ ጫፎቹ ተይዘው ሲንጠለጠል በገዛ ክብደቱ የሚያወጣውን መስመር አጥንቶ፣ ያንኑ ገልብጦ ሸክም የሚችል ቅስት አደረገው። ለኮሎኒያ ጉዌል ቤተ ክርስቲያን ንድፍ ክሮች አንጠልጥሎ፣ በክሮቹም ላይ እርሳስ የያዙ ትንንሽ ከረጢቶች አስሮ ዓመታት ደከመ። ለቅድስት ቤተሰብ ቤተ ክርስቲያንም ዓምዶቹ እንደ ዛፍ ወደ ላይ ቅርንጫፍ አውጥተው ጣሪያውን እንዲሸከሙ አሰበ። የጌታን ልደት በሚያሳየው ገጽ ላይ ለሚቆሙት ምስሎች ጎረቤቶቹንና ሠራተኞቹን አርአያ አድርጎ፣ ከሰውና ከእንስሳ አካል በጄሶ ቅርጽ ያወጣ ነበር። ከዓምዶቹ ሥርም በባሕሩ አቅጣጫ የባሕር ኤሊ፣ በተራራው አቅጣጫ የየብስ ኤሊ አኖረ። የሕንፃውም ከፍታ በከተማይቱ ካለው ከሞንትዡይክ ኮረብታ እንዳይበልጥ ወሰነ፤ የሰው እጅ ሥራ ከፈጣሪ ሥራ በላይ ሊሆን አይገባም ብሎ ያምን ነበርና።

ሥራው ሠሪውንም ይቀርጸው ጀመር። በ1894 በዐቢይ ጾም እስከ ሞት አፋፍ በሚያደርስ ጾም ራሱን አደከመ፤ ጾሙን የተወው የካህን ምክር ሰምቶ ነው። በ1906 አባቱ፣ በ1912 አብራው ትኖር የነበረችው የእኅቱ ልጅ፣ በ1914 ደግሞ የቅርብ ረዳቱ ፍራንሴስክ ቤሬንጌር ዐረፉ። ከዚያ ወዲህ ሌላ ሥራ አልቀበልም ብሎ ለቤተ ክርስቲያኑ ብቻ ተለየ። ገንዘብ ሲያልቅ ምጽዋት ለመነ፤ በመጨረሻም አልጋውን ወደ ሥራ ቤቱ አዛወረ። ብዙ ማግኘት በሚችልበት ዕድሜው ብዙውን የተወ ሰው ነው።

ጁን 7 ቀን 1926 እንደ ልማዱ ወደ ቅዱስ ፊልጶስ ኔሪ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ትራም ገጨው። ልብሱ ያረጀ፣ ኪሱም መታወቂያ የሌለበት ስለ ነበር ለማኝ መስሏቸው አላፊ አግዳሚው ቸል አለው። ኋላም በድሆች ሆስፒታል ተኛ፤ ማንነቱ የታወቀው በማግሥቱ ነበር። ጁን 10 ቀን በ73 ዓመቱ ዐረፈ፤ በሚሠራው ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤትም ተቀበረ። ከደወል ግንቦቹ ተፈጽሞ ያየው አንዱን ብቻ፣ በ1925 ያለቀውን የቅዱስ በርናባስን ግንብ ነው።

በ1936 በስፔን የርስ በርስ ጦርነት መነሻ ሥራ ቤቱ ተቃጠለ፣ የጄሶ ሞዴሎቹም ተሰባበሩ። ከእርሱ በኋላ የመጡት ስብርባሪውን ለቅመው እየገጣጠሙ ቀጠሉ፤ ያሰባቸው የዛፍ ዓምዶችም ቆሙ። በ2010 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት በነዲክቶስ 16ኛ ቤተ ክርስቲያኑን ባረኩት። ኤፕሪል 14 ቀን 2025 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ የጋውዲን ገድል አጽድቀው፣ ወደ ብፅዕና በሚያደርሰው መንገድ ላይ ያለውን የክቡርነት ማዕርግ ሰጡት።

እኛስ ከዚህ ምን እንማራለን? በየሰበካችን የጀመርነው ሥራ ሲዘገይ፣ ፍሬውን በዓይናችን ካላየን የደከምነው ለከንቱ ይመስለናል። ጋውዲ ግን እንደማይጨርሰው እያወቀ 43 ዓመት ለአንድ ቤት ደከመ፤ የሚቀጥለው ትውልድ እንዲጨርሰውም ሞዴሉን ትቶ ሄደ። ከእኛም የሚፈለገው የድርሻችንን በታማኝነት ሠርተን ለሚመጡት ማስረከብ ነው። ፍጻሜው የእግዚአብሔር ነው።