የበረሃው ግጦሽ አደራ፦ ዑመር ኢብኑል ኸጧብና የሒማ ሥርዓት

ከመካ ወደ መዲና በሚወስደው ጥንታዊ መንገድ ላይ ደጅናን የሚባል ደረቅ ሸለቆ አለ። ከእስልምና በፊት በዚያ ሸለቆ አንድ የቁረይሽ ወጣት የአባቱን ግመሎች ይጠብቅ ነበር። አባቱ ኸጧብ ቁጡ ሰው ስለነበሩ፣ ልጁ ሲሠራ ያደክሙታል፤ ሲያጓድል ደግሞ ይመቱታል። ወጣቱ ዑመር (ረዲየሏሁ ዐንሁ) ከብዙ ዘመን በኋላ ኸሊፋ ሆነው በዚያው ሸለቆ ሲያልፉ የእረኝነት ዘመናቸውን አስታወሱ። ከአላህ በቀር ከበላያቸው ማንም እንደሌለ አስበውም ጌታቸውን አመሰገኑ።

ዑመር ከቁረይሽ የበኒ ዐዲይ ጎሳ ተወላጅ ሲሆኑ፣ በ13ኛው ዓመተ ሂጅራ (634) አቡበክርን (ረ.ዐ.) ተክተው የሙስሊሞችን መሪነት ተረከቡ። በዘመናቸው ግዛቱ ከዐረቢያ አልፎ ኢራቅን፣ ሻምንና ግብፅን አካተተ። በዘካ የሚሰበሰቡት ግመሎችና ለዘመቻ የሚዘጋጁት ፈረሶች ቁጥርም በዚያው ልክ አደገ። ዝናብ በሚያጥርበት ምድር ይህን ሁሉ እንስሳ ማሰማራት ቀላል አልነበረም። ግጦሹ ካልተጠበቀ በአንድ ወቅት ተግጦ ያልቃል፤ ከመጠን በላይ ከተከለለ ደግሞ ድሃው እረኛ መግቢያ ያጣል።

መሬትን ለግጦሽ መከለል፣ በዐረብኛ ሒማ፣ ከእስልምና በፊትም የታወቀ ልማድ ነበር። ያን ጊዜ ግን የኃያላን መሣሪያ ነበር፤ የጎሳ አለቃ ለምለሙን መሬት ለራሱ ከልሎ ሌላውን ያባርር ነበር። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ይህን የግል ክልከላ ሽረው፣ ሒማ ለአላህና ለመልእክተኛው ብቻ፣ ማለትም ለሁሉም ጥቅም እንዲሆን ደነገጉ። በመዲና አቅራቢያ የሚገኘውን አን-ነቂዕንም ለሙስሊሞች ፈረሶች ከለሉ።

ዑመርም ይህን ፈለግ ተከትለው አር-ረበዛንና አሽ-ሸረፍን ከለሉ። ለጥበቃውም ሁነይ የተባለውን አገልጋያቸውን ሾሙ። ለሁነይ የሰጡት መመሪያ በሐዲስ መዛግብት ተጠብቆ ዛሬም የሕግ ሊቃውንት ይመረምሩታል። ሁነይ ለሰዎች ገር እንዲሆንና የተበዳይን ዱዓእ እንዲፈራ አዘዙት። ጥቂት ግመልና ጥቂት በግ ያላቸውን እንዲያስገባ፣ የዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍንና የዑስማን ኢብኑ ዐፋንን መንጋ ግን እንዳያስገባ አስጠነቀቁት።

እነዚህ ሁለቱ ጀነት ከተበሰሩት አሥር ሶሓቦች መካከል ናቸው። ክልከላው ክብራቸውን የሚነካ አልነበረም፤ ምክንያቱ ግልጽ ነበር። የባለጸጎቹ መንጋ ቢያልቅ ወደ ተምር ማሳቸውና ወደ እርሻቸው ይመለሳሉ። የድሃው ጥቂት እንስሳት ካለቁ ግን ልጆቹን ይዞ በኸሊፋው ደጅ ይቆማል። ያን ጊዜ ከበይተል ማል ወርቅና ብር አውጥቶ ከመስጠት፣ ዛሬ ውኃና ሣር መፍቀድ ይቀላል።

ዑመር የመሬቱን ነባር ጎሳዎች ቅሬታም አልካዱም። ሰዎቹ በጃሂልያ ዘመን የተዋጉለት፣ በላዩም ላይ ሆነው የሰለሙበት መሬታቸው ነበርና እንደተበደሉ ቢሰማቸው እንደማይደንቅ ተረድተዋል። በአላህ መንገድ የሚሰማሩት እንስሳት ባይኖሩ ኖሮ ከመሬታቸው አንዲት ስንዝር እንኳ እንደማይከልሉ ገልጸዋል። ስለዚህ ክልከላው ከችግሩ ልክ ማለፍ አልነበረበትም።

ይህ ጥንቃቄ በ18ኛው ዓመተ ሂጅራ ተፈተነ። ዐመል ረማዳ፣ የአመድ ዓመት፣ ተብሎ በተሰየመው በዚያ ዓመት ዝናብ ጠፍቶ ምድሩ አመድ መሰለ፤ የበረሃው ሕዝብም ወደ መዲና ጎረፈ። ዑመር ሕዝቡ እስኪጠግብ ድረስ ቅቤና ሥጋ ላለመብላት ወሰኑ፤ መልካቸው እስኪጠቁር ድረስም ጸኑበት። ከሌሎች ግዛቶች እህል አስመጡ፤ የእንስሳት ዘካ አሰባሰብንም ድርቁ እስኪያልፍ አዘገዩ።

የጋራ ሀብት በስም ብቻ ተይዞ እንዲቀርም አልፈቀዱም። ቢላል ኢብኑል ሓሪስ አል-ሙዘኒ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የተሰጣቸውን የዐቂቅ ሸለቆ በሙሉ ማልማት ባለመቻላቸው፣ የሚችሉትን ይዘው ቀሪውን እንዲመልሱ አደረጉ። በመካና በመዲና መካከል ባለው መንገድ የውኃ ባለቤቶች ቤት ለመሥራት ሲጠይቋቸው ፈቀዱ፤ ነገር ግን ለውኃውና ለጥላው መንገደኛው ቅድሚያ እንዲኖረው ግዴታ አኖሩ። የኢራቅ ለም መሬት ለዘማቾች እንዲከፋፈል ብዙዎች ሲጠይቁም፣ ገና ያልተወለዱት ትውልዶች ምን ይቀርላቸዋል በሚል ሐሳብ ሳይከፋፈል እንዲቆይ ወሰኑ።

ዑመር በ23ኛው ዓመተ ሂጅራ (644) መዲና ውስጥ የፈጅር ሶላት እያሰገዱ ሳለ በጩቤ ተወግተው፣ ከቀናት በኋላ ሸሂድ ሆኑ። በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እና በአቡበክር (ረ.ዐ.) አጠገብም ተቀበሩ።

ዛሬ በዐረቢያ ምድር ሸለቆዎችና በረሃዎች ለዱር እንስሳት መጠበቂያና ለጎብኚዎች ማረፊያ እየተከለሉ ነው። በዐል-ዑላ በአሸዋማ ድንጋይ ገደሎች መካከል የተከለለው የሸርዓን ጥብቅ ስፍራ አንዱ ነው። በእንዲህ ያለ ስፍራ የሚያልፍ መንገደኛ ቁጥቋጦውን ሳይቆርጥ፣ ውኃውን ሳይበክል፣ ለሚከተለውም ጥላውን ትቶ ቢሄድ፣ የደጅናኑ እረኛ የጠበቁትን አደራ ጠብቋል።